ፅንስን በድምፅ ማየት፦ ከባሕር ማዶ የሚቀሰመው ጥበብና የደጎሎ መንገድ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን አምባ ሲይዝ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ማግሥት በተፈጠረው ትርምስ መካከል ከቤተሰቡ የተለየ አንድ ሕፃን ተገኘ። ዕድሜው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት አይበልጥም ነበር። ቻምበርሌን የተባሉ ኮሎኔል ወደ ሕንድ ይዘውት ሄዱ፤ ኋላም ማርቲን የተባሉ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ሸፈኑለት፤ በሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ቻርለስ ማርቲን ተብሎ አደገ። በ1882 በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ዕውቀቱን አዳበረ፤ በበርማም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሐኪምነት አገለገለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱት፣ የሕክምና ታሪካችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ብሎ የሚያስታውሳቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እኒህ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ኢትዮጵያዊ የዘመናዊ ሕክምና ተማሪ በባሕር ማዶ የሚጀምረው የወሎ ደጋ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመቅደላ በስተደቡብ ያለው አገር፣ ማለትም ቦረና ከነመካነ ሰላም ከተማው፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ እንዲሁም ደጎሎን ዋና ከተማው ያደረገው ጃማ፣ በጥልቅ ሸለቆዎች የተከበበ ሰፊ ደጋ ነው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ወንጪትና ጃማ ወንዞች ይቆርጡታል። በዚህ ደጋ ላይ ለምትኖር ነፍሰ ጡር ወደ ሆስፒታል መሄድ ማለት ብዙ ጊዜ ገደል መውረድና ገደል መውጣት ማለት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በማኅፀን ውስጥ ያለው ፅንስ እንዴት እንደ ተቀመጠ፣ የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ፣ ፅንሱ አንድ ይሁን መንታ አስቀድሞ ማወቅ በእንዲህ ያለ አገር የሚኖረው ዋጋ ሆስፒታል በቅርብ ባለበት ከተማ ካለው ዋጋ ጋር አይመሳሰልም። ይህን ማየት የሚያስችለው ጥበብ የተወለደው ደግሞ ወርቅነህ እሸቴ በተማሩባት በስኮትላንድ ነው።

ከቦይለር ፋብሪካ ወደ ወሊድ ክፍል

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ያልተወለደ ሕፃንን ለማየት የነበረው መንገድ ኤክስሬይ ብቻ ነበር። በ1956 እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በእርግዝና ጊዜ ኤክስሬይ የተነሡ እናቶች የወለዷቸው ልጆች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ይፋ አደረጉ። ግኝቱ ለዓመታት ቢያከራክርም፣ ለማኅፀንና ፅንስ ሐኪሞች ግን ሌላ ብርሃን መፈለግ ግድ መሆኑን አመለከተ።

ይህን ብርሃን ፍለጋ የወጡት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ሲያገለግሉ ከራዳርና ከሶናር ጋር ተዋውቀዋል። በግላስጎው አቅራቢያ ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ የተባለ ግዙፍ የቦይለር ፋብሪካ ነበር፤ ፋብሪካው የብረት ብየዳ ውስጡ የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑን የሚመረምረው ከፍተኛ ድምፅ እየላከ፣ የሚመለሰውን ማሚቶ በማንበብ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1955 ዶናልድ በቀዶ ሕክምና የወጡ የማኅፀን ዕጢዎችንና የእንቁልጢ ከረጢቶችን በመኪና ጭነው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። የፋብሪካው ሰዎች ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሙዳ የበሬ ሥጋ አዘጋጅተው ጠበቋቸው። ውኃ የቋጠረው ከረጢትና ጠጣሩ ዕጢ የየራሳቸውን ማሚቶ መለሱ። ለፋብሪካው ሠራተኞች ተራ ነገር ነበር፤ ለሐኪሙ ግን ሆድን ሳይከፍቱ የማየት ጅማሬ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ትጋት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቶም ብራውን የተባለ ወጣት መሐንዲስ የዶናልድን ሙከራ ሰምቶ ራሱ ስልክ ደወለላቸው፤ ሐኪሙ ጆን ማክቪካርም ተጨመሩ። ሰኔ 7 ቀን 1958 ሦስቱ በላንሴት መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በጽሑፉ ከተዘገቡት ሕሙማን አንዷ የማይድን የሆድ ዕቃ ካንሰር እንዳለባት ተነግሯት የነበረች ሴት ናት። በድምፅ ሲመረመሩ ሆዷን የነፋው የእንቁልጢ ከረጢት ሆኖ ተገኘ፤ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ ዳነች። አስቀድሞ በዶናልድ ያላግጡ የነበሩ፣ እብዱ ዶናልድ የሚል ቅጽል እስከ ማውጣት የደረሱ ባልደረቦቻቸውም ከዚህ በኋላ ሕመምተኞቻቸውን መላክ ጀመሩ።

ዛሬ እያንዳንዱ አዋላጅ ነርስ የሚያውቀው የፊኛ ምክርም የዚያው ክፍል ትሩፋት ነው። ሽንት የያዘ ፊኛ አንጀትን ገለል አድርጎ ለድምፁ መስኮት እንደሚከፍት ዶናልድ የተረዱት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን የእርግዝና ሳምንታት ማየት ተቻለ። በ1973 ሂዩ ሮቢንሰን የፅንሱን ርዝመት ከራስ እስከ መቀመጫ በመለካት የእርግዝናን ዕድሜ በጥቂት ቀናት ስሕተት ብቻ መወሰን እንደሚቻል አሳዩ። ስቱዋርት ካምቤል ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ የፅንስ ጭንቅላትን ስፋት የመለካትን ዘዴ አስተካከሉ፤ በ1972ም የራስ ቅል ሳይሠራለት የቀረን ፅንስ ከመወለዱ በፊት ለይተው አሳወቁ። ስለ አልትራሳውንድ በሚጻፈው ሁሉ የማሽኑ ታሪክ ጎልቶ ይነገራል። ጥበቡ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈ ግን ብዙም አይወሳም፤ ለጤና ባለሙያ የሚበጀው ምናልባት ይህኛው ነው።

የስዊድኗን የሉንድ ከተማ እንውሰድ። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኢንጌ ኤድለርና ካርል ሄልሙት ኸርትዝ በ1953 ከማልሞ የመርከብ ፋብሪካ የብረት መመርመሪያ ተውሰው የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ መዝግበዋል። ይህ ከዶናልድ የፋብሪካ ጉዞ ሁለት ዓመት ቀድሞ የሆነ ነው። እንግዲህ ሉንድ መሣሪያውም፣ የፊዚክስ ሊቁም፣ ልምዱም ነበራት። ሆኖም የዚያው ሆስፒታል የማኅፀንና ፅንስ ሐኪም በርቲል ሱንዴን ፅንስን ማየት ለመማር ከልብ ክፍሉ አጠገብ ተነሥተው ግላስጎው ድረስ መሄድ ነበረባቸው። በዶናልድ ዘንድ የቆዩት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ተመልክተው፣ እጃቸውንም አለማምደው ተመለሱ፤ ሉንድም ከግላስጎው የተሠራ ማሽን ገዛች፤ በ1964 አልትራሳውንድ በማኅፀንና ፅንስ ሕክምና ያለውን ጥቅም የሚመረምረውን የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ሱንዴን የተማሩት ጥቂት ሳምንት ነው፤ የሠሩት ግን ዓመታት ነው። ከተመለሱ በኋላ የሚጠብቃቸው ማሽን፣ የሚደግፋቸው ክፍል ኃላፊና በየቀኑ የሚመረመሩ እናቶች ባይኖሩ ኖሮ የግላስጎው ቆይታቸው ደስ የሚል የጉዞ ትዝታ ሆኖ በቀረ ነበር።

ጥበቡ በሐኪም እጅ ብቻም አልቀረም። ኖርዌይ በ1986 ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በአሥራ ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲሰጥ ስትወስን፣ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ አዋላጆች ሆኑ። በታይላንድና በበርማ ድንበር በሚገኝ የስደተኞች መጠለያም የአካባቢው የጤና ሠራተኞች ፅንስን በትክክል መለካት እንደሚችሉ በ2009 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

የአንድ ወር እንግዳ

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር ጉዳይ ነበር። በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ እስከ ተቋቋመበት እስከ 1964 ድረስ ግን ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሁሉ በቤይሩት፣ በኤድንብራ፣ በሞንትሪያል ወይም በሌላ የውጭ ከተማ የተማረ ነበር። በ1978 የጎንደር የሕክምና ትምህርት ሲጀመር የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑን ልኮ አገዘ። በዚያ ጊዜ መንገዱ በከፊል ተገለበጠ ማለት ነው፤ ተማሪው ወደ ላይፕዚግ ከመሄዱ በፊት ላይፕዚግ ወደ ጎንደር መጣች።

ከረጅሙ የውጭ ትምህርት ጎን ለጎን ሌላ አጭር መንገድ አለ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1951 በኮፐንሃገን የተመሠረተው፣ ጦርነት ባደቀቃት አውሮፓ የሕክምና ተማሪዎች እየተለዋወጡ አንዱ ያንዱን ሆስፒታል እንዲያይ ነበር። የኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበርም የዚሁ ፌዴሬሽን አባል ነው። ልውውጡ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ነው። ተማሪው በአንድ የውጭ ሆስፒታል ክፍል ተመድቦ ከአንድ መምህር ጋር ይውላል። የማኅፀንና ፅንስ ክፍልን የሚመርጥ ተማሪ የአልትራሳውንድ ክፍሉ ዘንድ መድረሱ አይቀርም።

በዚያ ክፍል የሚያየው ምንድን ነው? እናቲቱ በቀጠሮዋ ሰዓት ትመጣለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተመርምራ የእርግዝናዋ ዕድሜ በቀን ተቆጥሮ ተጽፎላታል። በአሥራ ስምንተኛው ወይም በሃያኛው ሳምንት የሚደረገው ምርመራ የፅንሱን ልብ አራት ክፍሎች፣ የጀርባ አጥንቱን፣ ኩላሊቱን፣ ከንፈሩን አንድ በአንድ ይቃኛል። ተማሪው ከመርማሪው ጀርባ ተቀምጦ ይመለከታል፤ ፕሮቡን የሚይዘውም በአገሩ ሕግና በመምህሩ ፈቃድ ልክ ነው። በአንዳንድ ቦታ ለመለማመጃ የተሠራ አካል ይሰጠዋል። ከወሩ በኋላ የምስክር ወረቀቱንና አንድ ዘላቂ ነገር ይዞ ይመለሳል፦ የጥሩ ምስል ትዝታ። ይህ ትዝታ ቀላል አይደለም። ጥሩውን ያላየ መጥፎውን ምስል መጥፎ ነው ለማለት ድፍረት አያገኝም።

የማያየው ደግሞ አለ። በሠላሳ አራተኛው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጣዋን እናት እዚያ የሚያገኛት በጣም አልፎ አልፎ ነው። እዚህ ግን የተለመደች ናት። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከወለዱት እናቶች የመጀመሪያውን የቅድመ ወሊድ ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያደረጉት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፅንስን ዕድሜ በአምስት በሰባት ቀን ልዩነት የሚናገረው ይኸው ማሽን፣ በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። ትንሽ ሆኖ የታየው ፅንስ ዕድሜው ገና ይሁን ወይስ ዕድገቱ የተገታ፣ ዘግይታ በመጣችው እናት ላይ ማሽኑ ብቻውን አይፈታውም። በውጭ አገር የሠለጠነ ዓይን በዚህ ጥያቄ ላይ አዲስ ተማሪ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የጋና ተሞክሮ መታወስ ያለበት ነው። ጋና እስከ 1980ዎቹ ድረስ የማኅፀንና ፅንስ ስፔሻሊስቶቿን ወደ እንግሊዝ እየላከች ብታስተምርም አብዛኞቹ አልተመለሱም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ጀመረች፤ ሠልጣኙ ወደ ውጭ የሚሄደው ለአጭር ጊዜ፣ የተለየ ነገር አይቶ ለመመለስ ብቻ ሆነ። ከዚህ ሥልጠና የወጡት ሐኪሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም በጋና ቀሩ። ሚቺጋን ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአዲስ አበባ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ጋር ያደረገው ትብብርም ከዚሁ ልምድ የተቀዳ ነው፤ ትብብሩን በግንባር ቀደምትነት ከመሩት አንዷ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር ሰናይት ፍስሐ ናቸው። በቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገር ውስጥ ካሉት ይበልጣሉ እየተባለ ለዓመታት ሲነገር የኖረው ነገር የተጋነነ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ አባባል እንዲወለድ ያደረገው ፍልሰት ግን እውነተኛ ነበር።

ማሽኑ ብቻውን ሲመጣ

የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 ባወጣው ሪፖርት አልትራሳውንድ ለታዳጊ አገሮች ሆስፒታሎች ተገቢ መሣሪያ መሆኑን ሲቀበል፣ ያለ በቂ ሥልጠና ግን ጉዳት እንዳለው አስጠንቅቆ ነበር። በ1998 ባወጣው የሥልጠና መመሪያ ደግሞ ለመጀመሪያው ደረጃ መርማሪ እንኳ ለወራት የሚቆይ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርመራዎችን በተቆጣጣሪ ሥር ማድረግን የሚጠይቅ መለኪያ አስቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማሽኑ አነሰ፤ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ሆነ። የሰው እጅ የሚማርበት ፍጥነት ግን አልጨመረም። በዚህ መካከል ያለው ክፍተት ነው የኋለኛው ታሪክ።

ክፍተቱን በግልጽ ያሳየው ውጤቱ በ2018 የታተመው ሰፊ ጥናት ነው። በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በጓቲማላ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ በዕጣ የተመረጡ አካባቢዎች ለአዋላጆች፣ ለነርሶችና ለሌሎች የጤና ባለሙያዎች የሁለት ሳምንት ኮርስና ተከታታይ ክትትል ተሰጥቶ፣ ለነፍሰ ጡሮች አልትራሳውንድ ቀረበ። ሠልጣኞቹ ምርመራውን በሚገባ ሠሩ። የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን አልቀነሰም፤ የቅድመ ወሊድ ክትትልም ሆነ በሆስፒታል መውለድ አልጨመረም። ውጤቱ ብዙዎችን አስከፍቷል፤ ይሁንና የሚያስገርም አይደለም። የእንግዴ ልጁ የማኅፀንን አፍ መዝጋቱን ማወቅ ደም አያቆምም። ደም የሚያቆመው ቀዶ ሐኪሙ፣ ማደንዘዣው፣ የደም ከረጢቱና እናቲቱን በሰዓቱ እዚያ የሚያደርሳት መኪና ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሰንሰለት በየቀለበቱ ሲሠራ ቆይቷል። ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ተሰማሩ። ከ2009 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ የሚችሉ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው ስፔሻሊስት ወደሌለባቸው ሆስፒታሎች መሄድ ጀመሩ። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016ቱ ጥናት 412 ሆነ፤ በሠለጠነ ባለሙያ የተዋለዱት እናቶችም ከ6 በመቶ ወደ 28 በመቶ ከፍ አሉ። ይህ ለውጥ በአብዛኛው የመጣው በገጠር ጤና ጣቢያዎች አልትራሳውንድ ሳይኖር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መከረ። በዚያው ሰሞን በኢትዮጵያ የተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርሶች በትንንሽ ተንቀሳቃሽ ማሽኖች ውሱን የፅንስ ምርመራ እንዲያደርጉ የሚያሠለጥን ሥራ በትራንስፎርም ፕሮጀክት አማካይነት ተጀመረ። ውሱን መባሉ ተገቢ ነው። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ልብ ይመታል ወይ፣ ፅንሱ ስንት ነው፣ ወደ ታች የዞረው ራሱ ነው ወይስ መቀመጫው፣ የእንግዴ ልጁ የት ተጣብቋል፣ የሽርት ውኃው በቂ ነው ወይ፣ እርግዝናው ስንት ሳምንት ሆኖታል። የፅንሱን ልብ ክፍሎች መቃኘት ከዚህ ውስጥ የለም። አውሮፓ ለልውውጥ የሄደ ተማሪ ይህን ዝርዝር ሲያይ ጥቂት ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን እናቶችን የሚገድለው አብዛኛው አደጋ ያለው በዚህ አጭር ዝርዝር ውስጥ ነው። ፕሮጀክቱን በገንዘብ ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በ2025 ሥራውን አቁሟል። ማሽን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ድሮም ነበር፤ አሁን ጠንክሯል።

ወንጪትን መሻገር

ከደጎሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በወረኢሉ በኩል ወደ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ያደርሳል። በደቡብ በኩል መንገዱ ወደ ወንጪት ሸለቆ ይወርድና ማዶ ወጥቶ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ይገባል፤ በዚያም የካርልሃይንዝ በም ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው፣ ስሙም እናት የተባለ ሆስፒታል አለ። ከመካነ ሰላም የሚነሣ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሊደርስ ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምርጫ ያለ ይመስላል። ከዋናው መንገድ ርቃ ያለች እናት ግን አስቀድሞ ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና የሚገኝበት ማድረስ አለበት፤ በክረምት ደግሞ ጅረቱ ሁሉ ይሞላል። ምጥ ከጀመረ በኋላ የሚታወቅ አደጋ በእንዲህ ያለ አገር ዘግይቶ የታወቀ ነው።

አልትራሳውንድ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ጊዜ። የእንግዴ ልጇ ከታች መሆኑ ወይም መንታ መያዟ በሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት የታወቀላት እናት ምጥን ቤቷ ሆና መጠበቅ አይኖርባትም፤ በሆስፒታል አጠገብ በተሠራ የእናቶች ማቆያ ልትሰነብት ትችላለች። ይህ አሳብ ከውጭ አገር የአልትራሳውንድ ክፍል የመጣ አይደለም። በጉራጌ አገር የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ቤቱን የከፈተው በ1976 ነው። ከ1987 እስከ 2008 የተሰበሰበው የሆስፒታሉ መዝገብ ሲተነተን፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 ወደ 90 ገደማ ሲሆን በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ብዙዎቹ ቀጥተኛ መጪዎች ችግር ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ፍሬ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ዘግይቶ መድረስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቁጥሩ በግልጽ ይናገራል። በአጣጥ አደጋው የሚለየው በአብዛኛው በእጅ፣ በጥያቄና በቀድሞ የወሊድ ታሪክ ነበር። ማሽኑ የሚያክልበት በእጅ የማይዳሰሰውን ነው።

የዘገየውን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያዩት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን ናቸው። በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆችን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ ነገር ግን ለቀናት ባማጡ ሴቶች ላይ የሚደርሰው ፌስቱላ ሕይወታቸውን ሙሉ ያዘው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታካሚያቸው ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ ትምህርት ቤት ሳትገባ በቀዶ ሕክምና ክፍል ቆማ እያየችና እየረዳች ተምራ በዓለም የታወቀች የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። ባሕር ማዶ ሄዶ መማርን ለሚያስብ ሰው የእሷ ታሪክ ሌላኛውን ጫፍ ያሳያል፤ ሱንዴንም እሷም የተማሩት በአንድ መንገድ ነው፣ ከሚያውቅ እጅ አጠገብ በመቆም። የሃምሊን ድርጅት ለአማራ ክልል በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ከፈተ፤ በ2007 ደግሞ የገጠር አዋላጆችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ጀመረ። ወደ መጀመሪያው ዓላማ የተመለሱት አርባ ስምንት ዓመት ቆይተው ነው ማለት ነው።

በ2021 መገባደጃ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የሪፈራል ሆስፒታሉ መሣሪያዎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩም። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዶችን በተደጋጋሚ ዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሪፈር ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ከማሽኑ በላይ ባለው ቀለበት ነው፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ እናቲቱ የምትላክበት ግን አይገኝም። ፒናርድ በ1895 የሠራው የእንጨት ቀንድ ከአዋላጇ ጠረጴዛ ላይ ያልጠፋው ኤሌክትሪክም መለዋወጫም ስለማይሻ ብቻ አይደለም። ሰው እጁን ሆድ ላይ አኑሮ የማዳመጥን ልማድ ጠብቆ ስለሚያቆይም ነው።

ለጃማና ለቦረና እናት ግን ከሁሉ የሚቀድመው የቀን ጉዳይ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋን ስትጠየቅ ብዙ ጊዜ የምትመልሰው በበዓል ነው፤ ክርስቲያኗ ከፍልሰታ ጾም በፊት ወይም በጥምቀት ሰሞን ትላለች፤ ሙስሊሟ ከረመዳን በኋላ ወይም በመውሊድ አካባቢ ትላለች። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየመጣ ስለሚሄድ አዋላጇ የዓመቱን አቆጣጠር ማወቅ ይኖርባታል። ይህ ስሌት ብልሃት ያለው ነው፤ በጥሩ አዋላጅ እጅ ከሞላ ጎደል ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ይላል። ከ24ኛው ሳምንት በፊት የሚደረግ አንድ የጭንቅላት ወይም የጭን አጥንት ልኬት ይህን ልዩነት ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ያጠበዋል። በካርዷ ላይ የሚጻፈው የመውለጃ ቀን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ቢውልና መንታ ወይም ከታች የተቀመጠ የእንግዴ ልጅ ቢገኝ፣ ጉዞው መታሰብ ያለበት በሰኔ መጀመሪያ፣ ወንጪት ሳይሞላ ነው።